የአንድ ቀን ወርዋሪ

በአሜሪካ አገር ሕዝቡ እጅግ ከሚወዳቸው ጨዋታዎች አንዱ ቤዝቦል ይባላል። ይህን ጨዋታ ለእንጀራቸው የሚጫወቱ ሰዎች አሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሃያ ዓመት ያህል በሜዳ ላይ ሲቆዩ፥ ሌሎቹ ስማቸው ሳይታወቅ ይሰናበታሉ። በርት ሼፐርድ የሚባለው ወርዋሪ በታላቁ ሊግ የተጫወተው አንድ ቀን ብቻ ነው። በዚያም ቀን ቢሆን ጨዋታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልተጫወተም። ሆኖም ብዙ ዓመት ከተጫወቱት ከብዙዎቹ ይልቅ የእርሱ ሥራ ሲነገር ኖሮአል። ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ ለማስተዋል አስቀድሞ የጨዋታውን ሥርዓትና የወርዋሪን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቤዝቦል በኳስና በዱላ የሚደረግ ጨዋታ ነው። ዱላው እንደ ገና ዱላ ጫፉ የቈለመመ አይደለም፤ ቀጥ ያለና ወደ ጫፉ እየወፈረ የሚሄድ ነው። ሁለት ቡድኖች ይገጥማሉ፤ በያንዳንዱም ቡድን ዘጠኝ ሰዎች አሉ። አንደኛው ቡድን ሲመታ ሁለተኛው ሜዳውን ይጠብቃል፤ ኋላም ተራቸውን ይለዋወጣሉ። በሜዳው ላይ አራት ማረፊያዎች በአራት ማዕዘን ተቀምጠዋል፤ ከአንዱ ማረፊያ እስከ ሌላው 27 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ነው። ኳሱን የመታ ሰው ዱላውን ጥሎ ከማረፊያ ወደ ማረፊያ ይሮጣል፤ ዞሮ ወደ ተነሣበት ስፍራ በደኅና ሲመለስ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ይቈጠራል።

በሜዳው መካከል በትንሽ የአፈር ጉብታ ላይ ቆሞ ኳሱን ወደ መቺው የሚወረውረው ሰው ወርዋሪ ይባላል። በእርሱና በመቺው መካከል ያለው ርቀት 18 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ነው። ኳሱ በመዳፍ የሚያዝ፥ ክብደቱም 145 ግራም ያህል የሆነ ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከብርቱ ወርዋሪ እጅ ሲወጣ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መቺው ዘንድ ይደርሳል። መቺው ሦስት ጊዜ ቢስት ይወጣል። ወርዋሪው ግን አራት ጊዜ ከተወሰነው ስፍራ ውጭ ቢወረውር፥ መቺው ምንም ሳይመታ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ እንዲሄድ ይፈቀድለታል። ሦስት መቺዎች ሲወጡ የዚያ ቡድን ተራ ያበቃል፤ ሁለቱም ቡድኖች ተራቸውን ሲጨርሱ አንድ ዙር ይባላል፤ ሙሉ ጨዋታም ዘጠኝ ዙር ነው።

ጨዋታውን ያልለመደ ተመልካች ወርዋሪው በክንዱ ብቻ የሚሠራ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ወንጭፍ የሚወነጭፍ እረኛ ኃይሉን ከእግሩና ከወገቡ እንደሚያመጣው፥ የቤዝቦል ወርዋሪም ኃይሉን የሚያገኘው ከእግሩ ነው። ግራኝ የሆነ ወርዋሪ በግራ እግሩ ቆሞ ቀኝ እግሩን ወደ ላይ ያነሣል፤ ቀጥሎም በግራ እግሩ መሬቱን ገፍቶ ወደ ፊት በሰፊው ይራመዳል፤ ኳሱ ከእጁ በሚወጣበትም ጊዜ የሰውነቱ ክብደት ሁሉ በቀኝ እግሩ ላይ ይወድቃል። በአንድ ጨዋታ ውስጥ ይህ መቶ ጊዜ ያህል ሊደጋገም ይችላል። ከወረወረ በኋላም ሥራው አላለቀም፤ መቺው ኳሱን በዱላው ነካ ብቻ አድርጎ በቅርብ ቢጥለው፥ ወርዋሪው ሮጦ ማንሣትና ወደ ማረፊያው መወርወር ይገባዋል።

በርት ሼፐርድ ግራኝ ነበረ። ወደ ታላቁ ሊግ በደረሰ ጊዜም ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች አልነበረም።

ይህ ሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ሰኔ 28 ቀን 1920 ዓ.ም. ኢንዲያና በሚባለው ክፍለ አገር፥ ዴና በምትባል ታናሽ ከተማ ተወለደ። (ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በዚሁ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከልጅነቱ ጀምሮ ቤዝቦልን ይወድ ነበረ፤ በጐረመሰም ጊዜ በታናናሾቹ ሊጎች ውስጥ ለደመወዝ መጫወት ጀመረ። በአሜሪካ ብዙ ታናናሽ ሊጎች አሉ፤ ወጣቶች በእነርሱ ውስጥ እየተፈተኑ ይቆያሉ፤ ከእነርሱም ወደ ታላቁ ሊግ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። ሼፐርድም ገና ከታናናሾቹ ሳይወጣ አገሩ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገባ፤ እርሱም ወደ ጦር ሠራዊት ሄዶ አይሮፕላን መንዳት ተማረ።

የሚነዳው አይሮፕላን ላይትኒንግ፥ ማለት መብረቅ፥ የሚባል ሁለት ሞተር ያለውና አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥበት የጦር አይሮፕላን ነበረ። ከእንግሊዝ አገር እየተነሣ ወደ ጀርመን ይበር ነበረ። ግንቦት 21 ቀን 1944 ዓ.ም. ለ34ኛ ጊዜ ለውጊያ በወጣ ጊዜ ከምድር የተተኮሰ መድፍ አይሮፕላኑን መታው፤ ቀኝ እግሩም ክፉኛ ቈሰለ። ሼፐርድ ራሱን ሳተ፤ አይሮፕላኑም በጀርመን ገበሬዎች እርሻ ላይ ተከሰከሰ።

የመንደሩ ሰዎች በቍጣ ተሰበሰቡ። በዚያ ዘመን የአሜሪካና የእንግሊዝ አይሮፕላኖች በጀርመን ከተሞች ላይ ሌሊትና ቀን ቦምብ ይጥሉ ስለ ነበረ፥ ቤቱ የፈረሰበትና ዘመዱ የሞተበት ሰው ከሰማይ የወደቀውን ጠላት ሲያገኝ ምን እንደሚያስብ መገመት አያስቸግርም። ሼፐርድንም ሊገድሉት ፈለጉ። በዚያን ጊዜ ላዲስላውስ ሎይድል የሚባል፥ የኦስትርያ ተወላጅ የሆነና በጀርመን የአየር ጦር ውስጥ የሚያገለግል ሐኪም ደረሰ። ሐኪሙ ወታደሮች አስከትሎ ነበረና ሰዎቹን ከለከላቸው፤ የቈሰለውንም ሰው ከስብርባሪው መካከል አንሥቶ ወደ ሆስፒታል እንዲወሰድ አደረገ። ሼፐርድ ይህን ሁሉ አላየም፥ አልሰማምም። ከብዙ ቀን በኋላ ነፍሱን ሲያውቅ በጀርመን ሆስፒታል ተኝቶ፥ ቀኝ እግሩም ከጉልበቱ በታች ተቈርጦ አገኘው። ያዳነውን ሰው ስሙን እንኳ አላወቀም። በወንጌል የሚነገረው ሳምራዊ በመንገድ ወድቆ ያገኘውን ሰው ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ እንደ ረዳው፥ ይህም ሐኪም የጠላቱን አገር ወታደር ረድቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እግር ከጉልበት በታች መቈረጡና ከጉልበት በላይ መቈረጡ ታላቅ ልዩነት አለው። ጉልበቱ የተረፈለት ሰው ሰው ሠራሹን እግር እንደ ፈቃዱ ሊያጥፍና ሊዘረጋ ይችላል፤ ከብዙ ልምምድም በኋላ እንደ ሌላው ሰው ሊራመድ ይችላል። ነገር ግን ቍርጭምጭሚት የለውም። የጤነኛ ሰው ቍርጭምጭሚት መሬቱ ቢያዘቀዝቅ ወይም ጐርበጥ ቢል ሳይታሰብ ራሱን ያስተካክላል፤ በዚያ ዘመን የነበረው ሰው ሠራሽ እግር ግን ይህን አያደርግም ነበረ። ደግሞም የሰውነት ክብደት ሁሉ የሚያርፈው በተቈረጠው ስፍራ ላይ ነው፤ ቆዳው ይላጣል፥ ይቈስላል፤ ሲቈስልም እስኪድን ድረስ ከመራመድ መከልከል ግድ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ጋር በዚያ እግር ላይ ዘሎ የሚወድቅ ወርዋሪ መሆን እንግዳ አሳብ ነው።

ሼፐርድ ግን ይህን አሳብ ያሰበው ገና በምርኮ ሳለ ነው። በእስረኞቹ ሰፈር ዶን ኤሪ የሚባል የካናዳ ምርኮኛ ነበረ፤ ይህም ሰው ለሼፐርድ ሰው ሠራሽ እግር ሠራለት። በምርኮ ሰፈር የተሟላ መሣሪያ እንደማይገኝ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ እግሩ ያማረና የተስተካከለ ሊሆን አይችልም። ቢሆንም መቆም አስቻለው። ሼፐርድ በመጀመሪያ መራመድን ተማረ፤ ቀጥሎም በዚያው በእስር ቤት ግቢ ኳስ መወርወር ጀመረ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስበት መጀመሪያ ያጣውን ይቈጥራል፤ ይህም ሰው ነውና አይነቀፍም። እርሱ ግን የቀረለትን ቈጠረ፤ የሚወረውርበት ግራ እጁ ደኅና ነው፥ መሬቱን የሚገፋበት ግራ እግሩም ደኅና ነው፥ ቀኝ ጉልበቱም አለ። የጐደለው የሚወድቅበት እግር ብቻ ነበረ።

በየካቲት 1945 ዓ.ም. ተዋጊዎቹ አገሮች የቈሰሉ ምርኮኞችን ሲለዋወጡ ሼፐርድ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በዋሺንግተን ከተማ በነበረው ዋልተር ሪድ በሚባለው የጦር ሆስፒታልም አዲስ እግር ሊደረግለት ገባ። አንድ ቀን የጦር ሚኒስቴሩ ምክትል፥ ሮበርት ፓተርሰን፥ ከምርኮ የተመለሱትን ሊጠይቅ መጣ፤ ሼፐርድንም ወደ ፊት ምን ሊሠራ እንደሚወድ ጠየቀው። ሼፐርድ ቤዝቦል መጫወት እንደሚፈልግ ነገረው። ምክትል ሚኒስትሩ ቢያዝንለትና ሌላ ሥራ ፈልግ ብሎ ቢመክረው ማንም ባልነቀፈው ነበረ። እርሱ ግን የዋሺንግተን ሴናተርስ የሚባለው ቡድን ባለቤት ወደ ነበረው ወደ ክላርክ ግሪፊት ስልክ ደወለ። ግሪፊት ሽማግሌ ነበረ፤ በጐልማሳነቱ ግን ራሱ ስመ ጥሩ ወርዋሪ ስለ ነበረ፥ ወርዋሪ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ለማየት ዓይን ነበረው። ሼፐርድ ይፈተን ዘንድ ፈቀደ።

በፈተናውም ወረወረ፥ መታ፥ ሮጠ። ቡድኑም ተቀበለው። ሥራው መጀመሪያ አሠልጣኞችን መርዳትና መቺዎቹ ከጨዋታ በፊት እንዲለማመዱ ኳስ መወርወር ነበረ። በዚህ ጊዜ ዝናው በአገሩ ሁሉ ተሰማ። በየሆስፒታሉ ተኝተው የነበሩት፥ በጦርነቱ እጃቸውንና እግራቸውን ያጡት ወታደሮችም ነገሩን ሰምተው ተጽናኑ። መንግሥትም በዚህ ደስ ተሰኘ።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ነበረ። ሼፐርድ በቡድኑ ውስጥ የቆመው ስለ ችሎታው ነውን? ወይስ ሰው ስላዘነለትና ለሌሎቹ ቍስለኞች ምሳሌ እንዲሆን ስለ ተፈለገ? ለአንድ ሠራተኛ ከዚህ የሚከፋ ጥርጣሬ የለም። የታዘነለት ሰው ይጨበጨብለታል፥ ይመሰገናል፥ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ሥራ ግን አይሰጠውም። በሐምሌ ወር ለጦርነቱ መርጃ ገንዘብ እንዲሰበሰብ በተደረገ ጨዋታ ላይ፥ ብሩክሊን ዶጀርስ ከሚባለው ቡድን ጋር አራት ዙር ወርውሮ ደኅና ሠራ። ይሁን እንጂ ያ ጨዋታ በሊጉ መዝገብ የሚጻፍ አልነበረም። ሼፐርድ የሚፈልገው በእውነተኛ ጨዋታ፥ ሊያሸንፉ በሚፈልጉ ተቃዋሚዎች ፊት መቆም ነበረ።

ኦገስት 4 ቀን 1945 ዓ.ም.፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 28 ቀን 1937 ዓ.ም.፥ ሴናተርስ በዋሺንግተን ከተማ በራሳቸው ሜዳ ከቦስተን ሬድ ሶክስ ጋር ተጋጠሙ። በዚያ ቀን ሁለት ጨዋታ ተከታትሎ ይደረግ ነበረ። በሁለተኛው ጨዋታ በአራተኛው ዙር ቦስተኖች ኳሱን እየመቱ ሜዳውን ሞሉት። የሴናተርስ አለቃ ኦሲ ብሉጂ የደከመውን ወርዋሪ አስወጥቶ ጆ ክሊሪ የሚባለውን አዲስ ሰው አስገባ።

ጆ ክሊሪ በአየርላንድ፥ ኮርክ በምትባል ከተማ የተወለደ ሰው ነው፤ በታላቁ ሊግ ሲወረውር ይህ የመጀመሪያ ቀኑ ነበረ። የዚያን ቀን ዕድል ከእርሱ ጋር አልነበረችም። አንዱ መቺ ከሌላው ቀጥሎ መታው፤ ማስወጣት የቻለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በእርሱ ላይ የተቈጠሩት ነጥቦች ግን ሰባት ሆኑ። ቦስተኖች በዚያ በአንድ ዙር ብቻ 12 ነጥብ አገኙ። ሁለት ሰዎች ወጥተው፥ ሦስቱ ማረፊያዎች በሯጮች ተሞልተው ሳሉ፥ ብሉጂ ወደ ተጠባባቂዎቹ ላከና በርት ሼፐርድ እንዲገባ አዘዘ።

እንግዲህ ጨዋታው አስቀድሞ ጠፍቶ ነበረ፤ ቦስተኖች 14 ነጥብ ይዘው ነበርና። ሼፐርድ ቢሸነፍ የሚጐዳው የቡድኑ ውጤት አይደለም፤ የሚጐዳው የእርሱ የራሱ ነገር ነው። ሦስቱ ማረፊያዎች የተሞሉ ስለ ሆነ አራት ጊዜ ከስፍራው ውጭ ቢወረውር አንድ ነጥብ ይሰጣል፤ በጥንቃቄ ብዛት ኳሱን ቀስ አድርጎ ቢወረውረው ደግሞ ይመታበታል። ተመልካቹም ስለ እግሩ ያውቃል። በፊቱ የቆመው መቺ ጆርጅ ሜትኮቪች ይባላል። ሼፐርድ ግራ እግሩን ተክሎ ቀኙን አነሣ፥ ወረወረም። ሜትኮቪችን ሦስት ጊዜ አሳተው፤ ዙሩም በዚያው አበቃ።

ይህ ብቻ ቢሆን ዕድል ነው ሊባል በቻለ ነበረ። አንድ መቺን ማንም ሊያስወጣ ይችላል። ነገር ግን ሼፐርድ በአምስተኛው ዙር ተመልሶ ወጣ፤ በስድስተኛውም፥ በሰባተኛውም፥ በስምንተኛውም፥ በዘጠነኛውም። ቀደም ሲል 12 ነጥብ በአንድ ዙር የወሰዱት መቺዎች ከዚያ በኋላ በቀሩት ዙሮች ሁሉ ከእርሱ ያገኙት አንድ ነጥብ ብቻ ነው። በደኅና የመቱት ሦስት ጊዜ ነው፤ ሳይመቱ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ የሄደው አንድ ሰው ነው፤ ሦስት ጊዜ ስተው የወጡት ሁለት ናቸው። ሴናተርስ 15 ለ 4 ተሸነፉ፤ ሽንፈቱ ግን የሼፐርድ አልነበረም።

የቤዝቦል ሰዎች የወርዋሪን ሥራ በቍጥር ይመዝናሉ። የሂሳቡ አሠራር እንዲህ ነው። ወርዋሪው ያስቈጠረበት ነጥብ በዘጠኝ ይባዛል፤ የተባዛውም እርሱ በወረወረው ዙር ይካፈላል። የሚገኘው ቍጥር ያ ሰው ሙሉ ጨዋታ ቢወረውር ስንት ነጥብ ያስቈጥር እንደ ነበረ ያሳያል፤ ስለዚህ ቍጥሩ ባነሰ መጠን ሥራው የበለጠ ነው። ሼፐርድ አምስት ዙር ከሲሶ ወረወረ፤ አንድ ነጥብ አስቈጠረ። አንድ በዘጠኝ ተባዝቶ ለአምስት ከሲሶ ሲካፈል 1.69 ይሆናል። ይህም እጅግ የተመሰገነ ቍጥር ነው። ክሊሪ የወረወረው የአንድ ዙር ሲሶ ነው፤ ያስቈጠረው ሰባት ነው። ሰባት በዘጠኝ ተባዝቶ 63 ይሆናል፤ 63ም ለሲሶ ሲካፈል 189 ይሆናል። በወረቀትና በእርሳስ የሚሞክር ተማሪ ይህንኑ ያገኛል።

ክሊሪም ከዚያ ቀን በኋላ በታላቁ ሊግ አልወረወረም። እንዲህም ሆኖ የሁለት ሰዎች ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ፥ በአንድ ጉብታ ላይ፥ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ ተጀምሮ አለቀ። በክሊሪ ቍጥር የሚስቅ ሰው ማስተዋል የጐደለው ነው። 189 የሚለው ቍጥር ስለ አንድ ክፉ ሰዓት ይናገራል እንጂ ስለ ሰውየው ጥቂት እንኳ አይናገርም፤ በታናናሾቹ ሊጎች ብዙ ተጫውቶ፥ ተፈትኖም የመጣ ወርዋሪ ነበረና። የሼፐርድም 1.69 ቢሆን ብቻውን ሲነበብ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ በቍጥሩ ውስጥ ስለ እግሩ የተጻፈ ነገር የለምና።

ነገሩን በእውነት ለመመዘን አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በ1945 ዓ.ም. ከታላላቆቹ ተጫዋቾች ብዙዎቹ በጦር ሠራዊት ነበሩ፤ የቦስተን ዋነኛ መቺ ቴድ ዊልያምስም በዚያ ዓመት አልተጫወተም። ቡድኖች ሰው ስለ ጐደላቸው በሰላም ጊዜ የማይቀበሉትን ሁሉ ይቀበሉ ነበረ። በዚያው ዓመት በሴንት ሉዊስ ብራውንስ ቡድን ውስጥ ፒት ግሬይ የሚባል፥ በልጅነቱ ቀኝ ክንዱን ያጣ ሰው ተጫውቶአል። ስለዚህ ጦርነቱ የሼፐርድን እግር እንደ ወሰደ፥ በሩንም የከፈተለት እርሱው ጦርነቱ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ግን የተከፈተ በር ሁሉ አይገባበትም፤ በዚያ ቀን ዱላ የያዙትም መቺዎች ለሼፐርድ ብለው የሳቱት ኳስ የለም።

ታዲያ ስለ ምን ዳግመኛ አልወረወረም? በዚያ ዓመት ሴናተርስ ለአንደኛነት በብርቱ ይታገሉ ነበረ። በመጨረሻም ከዲትሮይት ታይገርስ ጥቂት ብቻ አንሰው ሁለተኛ ሆኑ። እንዲህ ባለ ትግል ውስጥ ያለ አለቃ እያንዳንዱን ጨዋታ ለተፈተኑት ወርዋሪዎቹ ይሰጣል። ጦርነቱም በዚያው ሰሞን አለቀና በሚቀጥለው ዓመት ተጫዋቾቹ ሁሉ ከጦር ሜዳ ተመለሱ፤ ስፍራውም ተያዘ። ይህ የአለቃው ክፋት አይደለም። ሆኖም አምስት ዙር ከሲሶ በመልካም የሠራ ሰው አንድ ጊዜ ደግሞ ሊሞከር ይገባው ነበረ ብሎ የሚፈርድ ሰው ቢኖር ፍርዱ ልክ ነው።

ሼፐርድ ወደ ታናናሾቹ ሊጎች ተመልሶ መጫወት ቀጠለ፤ በ1949 ዓ.ም. በኮኔቲከት ክፍለ አገር የዋተርበሪ ቡድን አለቃ ሆነ። እግሩ ግን ዳግመኛ ሐኪሞችን አስፈለገው፤ በየጊዜውም ስለ ተቀደደ ለወርዋሪ የሚሻለውን የጕልምስና ዘመኑን በሆስፒታል አሳለፈ። ኋላም ቤዝቦልን ትቶ እንደ ማንኛውም ሰው በሌላ ሥራ ቤተ ሰቡን አስተዳደረ። ኳስ መምታቱን ግን አልተወም፤ ጎልፍ የሚባለውን ጨዋታ ተምሮ በ1968ና በ1971 ዓ.ም. እጅ ወይም እግር ለሌላቸው ሰዎች በተደረገው የአሜሪካ ውድድር አንደኛ ወጣ።

ከእርሻው ውስጥ ያነሣው ሐኪም ማን እንደ ሆነ ግን ለብዙ ዘመን አላወቀም። ላዲስላውስ ሎይድልም ያነሣው አብራሪ በሕይወት ይኑር ወይም ይሙት አላወቀም። ሐኪሙ ከሸመገለ በኋላ ታሪኩን ለአንድ እንግሊዛዊ ነገረው፤ እንግሊዛዊውም ሰውየውን ፈልጎ አገኘ። በ1993 ዓ.ም. ሼፐርድ ወደ ኦስትርያ ሄደ፤ ሁለቱም ሽማግሌዎች ከ49 ዓመት በኋላ ተገናኙ። ሼፐርድ የሐኪሙን ፊት ሲያይ ይህ የመጀመሪያ ጊዜው ነበረ፤ ያን ጊዜ ራሱን ስቶ ነበርና። ቆሞ እጁን የጨበጠውም በዚያው በሰው ሠራሽ እግሩ ነው።

በርት ሼፐርድ ሰኔ 16 ቀን 2008 ዓ.ም. በካሊፎርንያ በ87 ዓመቱ ዐረፈ። በታላቁ ሊግ መዝገብ በስሙ የተጻፈለት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ጨዋታ 1፥ ዙር አምስት ከሲሶ፥ ነጥብ 1።